የልጆቻችን ገመድና የእኛ ፊርማ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የክፋር ግቢሮል እናት አንድ ከረጢት አንጠልጥለው ወደ እኛ መጡ። ከረጢቱ ውስጥ ገመድ፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ሪትማ» የሚሉት የወገብና የጭን ማሰሪያ፣ እንዲሁም ሦስት የብረት ቀለበቶች ነበሩ። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ገደል መውጣት ጀምሯል። ዕቃውን በስልክ ማስታወቂያ አይተው ከማያውቁት ሰው በ250 ሸቅል ገዙለት። «ሱቅ ውስጥ በጣም ውድ ነው፤ ይሄም ያው ነው አሉኝ» አሉን። ወደ እኛ ያመጣቸው ግን የዋጋው ነገር አልነበረም። ልጁ ይህንኑ ማሰሪያ ይዞ የሕንፃ መስኮት በገመድ እየተንጠለጠለ የማጠብ ሥራ ሊጀምር ነው። ሊቀጥረው የፈለገው ሰው «ማሰሪያ ካለህ እሑድ ና» ብሎታል።

ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው «እኛ በዚህ ነገር ምን እናውቃለን፣ የዚህ አገር ጨዋታ ነው» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ከሰሜን ተራሮች ሥር ያደግን፣ ልጅ አዝለን በሌሊት ገደል ወርደን በእግራችን ሱዳን የገባን ሰዎች ስለ ገደል አናውቅም ማለት አያምርብንም። አባቶቻችን የአህያ መጫኛ እንኳ ሳይፈትሹ አይጭኑም ነበር። ጠፍሩ ሲደርቅ ይቀባል፤ ሲሰነጠቅ ይጣላል። የጎደለን እውቀት ሳይሆን የአዲሱን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ብቻ ነው።

የአዲሱ ዕቃ ጠባይ ደግሞ አታላይ ነው። ጠፍር እርጅናውን አይደብቅም። ናይሎን ግን ይደብቃል። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ በረኪና የነካው ወይም የመኪና ባትሪ አሲድ የተንጠባጠበበት ማሰሪያ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ነው አምራቾቹ ዕቃው የተሠራበትን ዓመት በጨርቅ ምልክት ላይ የሚጽፉት። ብዙዎቹ አምራቾች ከጨርቅና ከናይሎን የተሠራ ዕቃ ጭራሽ ባይነካ እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይያዝ ያዛሉ። ዘወትር የሚሠራበት ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጣላል፤ ከባድ አወዳደቅ ያገኘውም እንዲሁ። እናትየዋ ባመጡት ማሰሪያ ላይ የነበረው ጽሑፍ በመታጠብ ብዛት ጠፍቷል። ዓመቱም፣ የአምራቹም ስም አይነበብም። ለእኛ ይህ ብቻውን በቂ ነበር። ዕድሜውና ታሪኩ በማይታወቅ ማሰሪያ ላይ የሰው ልጅ አይንጠለጠልም።

ገመዱም ሌላ ጉዳይ ነበረው። ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሚወጣ ሰው የሚሆነው የሚለጠጥ ገመድ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ተስቦ ድንጋጤውን ይቀበልለታል። የማይለጠጠው ገመድ ለመውረድና ዕቃ ለመሳብ ጥሩ ነው። ከላይ የወደቀን ሰው ግን ልክ እንደ ሰንሰለት ቀጭ አድርጎ ይይዘዋል፤ ወገብ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ከከረጢቱ የወጣው የማይለጠጠው ዓይነት ነበር። ሻጩ ይህንን አልነገራቸውም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

ከብረት ቀለበቶቹ ሁለቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። የመውጫ ቀለበት ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል በ«ኪሎ ኒውተን» ይጻፍበታል። አንዱ ኪሎ ኒውተን በግምት የ100 ኪሎ ክብደት ነው፤ ስለዚህ 22 የሚል ቁጥር ካለበት በርዝመቱ ሲሳብና በሩ ሲዘጋ ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር የለውም። በየሹኩ በአምስት ሸቅል የሚሸጥ የቁልፍ መያዣ ነው። መልኩ ከሌሎቹ አይለይም፣ ያስፈራንም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የገደል መውጫ ማሰሪያና የሥራ ማሰሪያ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በምልክቱ ላይ ኢኤን 12277 የሚል ካለ ለመውጣት የተሠራ ነው። ለሥራ፣ ወድቆ የሚቀረውን ሠራተኛ እንዲይዝ የተሠራው ኢኤን 361 ይባላል፤ ትከሻንም ደረትንም ጭንንም ይይዛል። የራስ ቁርም (ቃስዳ) እንዲሁ ነው። ተራው የግንባታ ቁር አገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ ኃይል ሲበዛበት እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የወጪዎች ቁር ግን ሰውየው ሲወድቅ ከራሱ ላይ እንዳይወልቅ የበለጠ እንዲይዝ ተደርጓል። የብስክሌት ቁር ከሁለቱም አይደለም።

ወጣቶቻችን ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለባቸው ግን ይህን ነው። በእስራኤል ከ2007 ጀምሮ በከፍታ ላይ ስለሚሠራ ሥራ («አቮዳ በጎቫህ») የወጣ ደንብ አለ። ሰው ከ2 ሜትር በላይ ሊወድቅ የሚችልበት ሥራ በዚህ ደንብ ይገዛል። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው፣ ለዚያው የሥራ ዓይነት ብቁ በሆነ አስተማሪ የሠለጠነና የጸና የምስክር ወረቀት የያዘ መሆን አለበት። የመሰላል ሥልጠና የወሰደ ሰው በገመድ እንዲንጠለጠል አይፈቅድለትም። ወረቀቱም ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል። መሣሪያውን የማቅረብ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። ስለዚህ «ማሰሪያ ካለህ ና» የሚል አሠሪ ሲገጥም ልጁ «ሥልጠናውስ? ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ ብቀር ማን ያወርደኛል?» ብሎ ይጠይቅ። በማሰሪያ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላልና ጥያቄው የፈሪ ጥያቄ አይደለም። ሥራ የፈለገ ልጅ መጠየቅ እንደሚከብደው እናውቃለን። ለዚህ ነው ከቤት አንድ ትልቅ ሰው ከኋላው ሊቆም የሚገባው።

ስለ ግዢው አንድ ነገር እንጨምር። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከነጋዴ ከገዛችሁ ዕቃው ከደረሳችሁ በኋላ 14 ቀን ግዢውን የመሰረዝ መብት አላችሁ፤ የሚቆረጥባችሁ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዕድሜአችሁ 65 የሞላ ከሆነ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆናችሁ ወይም አዲስ ገቢ ሆናችሁ 5 ዓመት ካልሞላችሁ፣ ከሻጩ ጋር በንግግር የተደረገ ግዢ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ግን ነጋዴን ነው የሚመለከተው። አሮጌ ዕቃውን ከቤቱ ከሚሸጥ ግለሰብ የገዛ ሰው በዚህ ሕግ ገንዘቡን አያስመልስም፤ የእናትየዋ 250 ሸቅልም እንደዚያው ቀረ። ገንዘብ ካነሰ ጥሩ ጫማ ይገዛና ገመዱና ማሰሪያው በግድግዳ መውጫ አዳራሽ ይከራይ።

ገመድ የሌለበት ጉዞም አለ፤ የትምህርት ቤቱ ቲዩል። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ይመጣል፣ ልጁ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላል፣ እኛም እንፈርማለን። ሚያዝያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 2018፣ ከውትድርና በፊት የሚዘጋጁ ወጣቶች ናሐል ጻፊት ወርደው ደራሽ ውኃ አሥሩን ወሰዳቸው፤ ዘጠኝ ልጃገረዶችና አንድ ወንድ። አየሩ አስጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ከልጆቹ መካከል ፍርሃቱን ለጓደኛ በስልክ የጻፈ እንደነበረም በዜና ሰምተናል።

ደራሽ ውኃን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በላይ ተራራ ዘንቦ፣ በታች ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲሞላ ያያችሁ ናችሁ። በበረሃው መሬት ደግሞ አፈሩ ውኃ ስለማይጠጣ የዘነበው ሁሉ ወደ ጠባቡ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መምህሩን ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሚሄዱት ወደ ናሐል ነው? ጎርፍ ይመጣል ቢባል ጉዞውን የሚሰርዘው ማን ነው? በሙቀት ቀን ልጁ ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ይያዝ። ሰውነቱ ግሎ አነጋገሩ የተዛባ ልጅ ካለ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ በውኃ እያቀዘቀዙ 101 መደወል ነው። «ፈራሁ» ያለን ልጅ ደግሞ አትገሥጹት፤ ምን እንዳየ ጠይቁት።

ወደ ከረጢቱ እንመለስ። ማሰሪያውንና ገመዱን ዝም ብለን አልጣልንም፤ ከቆሻሻው ላይ ሌላ ልጅ እንዳያነሳው በመቀስ ቆራረጥነው። እናትየዋ አጠገባችን ቆመው ሲቆረጥ ዝም ብለው አዩ። ሲወጡ ቁጥር የሌለውን ቀለበት አንስተው የቤታቸውን ቁልፍ አደረጉበት።