ደርባ ቁልቁለት ላይ የነከሰችው ሞተር

ባለፉት ዕትሞች ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ አማቶቻችን ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ በቤታችን ስለምትኖር አንዲት «ሦስተኛ ወገን» ላጫውታችሁ። አትደንግጡ፣ ሰው አይደለችም! በረንዳችን ላይ ሸራ ለብሳ የምታድር አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። «የመጋቢ ሚስት ስለ ካንዴላና ስለ ፒስተን ምን አገባት?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው እል ነበር። አለማግባቴ ምን እንዳስከፈለን ግን እስከ መጨረሻው ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

ወደ ቤታችን እንዴት ገባች?

የምንኖረው ጫንጮ ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግራችሁ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጣችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ታገኙናላችሁ። ከፍታችን ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ካላችሁ ዋልካው ጫማ ነቅሎ ያስቀራል። ባለቤቴ የሚያገለግላቸው የገጠር አጥቢያዎች ያሉት ደግሞ ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። በእግሩ በሚሄድበት ዘመን ቅዳሜ ወጥቶ ሰኞ ማታ ነበር የሚመለሰው።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ባለቤቴ አንዲት ያገለገለች ያማሃ ኤጂ 100 ገዛ። የግብርና ባለሙያዎች በገጠር ሲዘዋወሩባት ያየ ሰው ያውቃታል። ለውበት የተሠራች አይደለችም። ካቴናዋ ጭቃ እንዳያገኘው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። ዘንበል ያለ መሬት ላይ እንድትቆም በግራም በቀኝም መቆሚያ ተሠርቶላታል።

ባለቤቴ ስለ እርሷ አውርቶ አይጠግብም። በአምልኮ ጊዜ ከምንጠቀምበት ኪቦርድ ጋር ስሟ አንድ መሆኑን ለልጆቹ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጃፓናዊ ሀማማትሱ በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኦርጋን ጠገነ። ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ኦርጋን መሥራት ጀመረ። ሞተር ሳይክሉ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። «አየሽ፣ ነገሩ ሁሉ የጀመረው የተበላሸ ነገር ከመጠገን ነው» ይለኛል። እኔም «ይኸው አንተስ መቼ ጨረስክ?» እለዋለሁ።

የክሩዘር ምኞት

ዓመታት አለፉና ባለቤቴን ወገቡን ያመው ጀመር። በዚሁ ጊዜ ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ ተቀምጦ የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከለት። ይህ ዓይነቱ ሞተር ክሩዘር ይባላል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ መሪው ሰፍቶ ወደ ነጂው ይመጣል፤ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ክሩዘሮቹም ለረጅምና ለሰፊ አስፋልት የሚመቹ እንጂ ለጫንጮ ዋልካ የሚሆኑ አይደሉም። ባለቤቴ ግን «እርሱን መግዛት ባልችልም አቀማመጡን መውሰድ እችላለሁ» አለ።

ሞተሯን ይዞ የሰፈራችን መካኒክ ዘንድ ሄደ። ልጁ ወጣት ቢሆንም አስተዋይ ነው። «ፓስተር፣ ሻሲዋን ቆርጠን ዝቅ እናድርጋት ካሉ እኔ የለሁበትም፤ ብየዳው መንገድ ላይ ከለቀቀ ሕይወትዎ ነው» አለው። የፈቀደለት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ መሪውን ከፍና ሰፋ ማድረግ፣ መቀመጫውን ለሁለት ሰው እንዲሆን ማስረዘም፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የእግር መርገጫ ማስገባት።

አሮጌ ነገር ስትነኩ ግን አንዱ ሌላውን ይጠራል። መሪው ከፍ ሲል የጋዙና የፍሪሲዮኑ ሽቦ አጠረ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞረው ሽቦው እየተሳበ ሞተሯ ራሷ ጋዝ መስጠት ጀመረች! ረዣዥም ሽቦ መግዛት ግድ ሆነ። ከዚያ የፊት መብራቷ፣ ከዚያ የኋላ ጎማዋ፣ ከዚያ ኩሽኔቷ። «ሁለት ቅዳሜ ይበቃል» የተባለው ሥራ አምስት ወር ፈጀ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አስተኝተን ሁለታችን ብቻ ቡና የምንጠጣበት ሰዓት ነበር፤ እርሱንም ሞተሯ ወሰደችው። እኔም ከመናገር ይልቅ አኮረፍኩ። ቡናውን ለብቻዬ አፍልቼ ለብቻዬ ጠጣሁ።

ቁልቁለቱ ላይ

ጊዜው ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ላይ ስለ ሞተሯ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ቱ ስትሮክ ናት። እንደ ሌሎቹ ፒስተኑን የሚያለሰልስ ዘይት ከሥር አይጠራቀምላትም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ስትሠራ የተገጠመላትን የዘይት ፓምፕ ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ስላስወለቀው፣ ዘይቱን በእጅ እንቀላቅልላት ነበር። መካኒኩ የነገረን ልክ በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው።

ያን ቀን ባለቤቴ ዘይት አልቆበት ነበር። ገንዘብ ሊጠይቀኝ ፈራ። ለምን? ዘይት ካነሣ ሌላውም ይነሣልና። ለሞተሯ ብሎ ከሣጥን 7000 ብር ወስዷል። ገንዘቡ ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለብርድ ልብስና ለመንገድ ያስቀመጥነው ነበር። «ሳታውቅ እመልሰዋለሁ» ብሎ ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ቂጥ የቀረችውን ዘይት፣ የሚያስፈልገውን ግማሽ እንኳ የማትሞላውን፣ ጨምሮ ወጣ።

ከጫንጮ ወደ ደርባ የሚወስደው መንገድ ወደ ሙገር ሸለቆ ይወርዳል፤ ሲሚንቶ የሚጭኑ ከባድ መኪኖችም ይመላለሱበታል። ባለቤቴ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ፣ ጋዝ ዘግቶ ወረደ። ቱ ስትሮክ ላይ ይህ አደጋ አለው። ጋዝ ሲዘጋ ቤንዚን ይቀንሳል፤ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይትም ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ግን በፍጥነት መመላለሱን አያቆምም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ፒስተኑ ነከሰ። የኋላው ጎማ ቀጥ አለ። ከኋላው የጭነት መኪና ነበር። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለያዘ ጎማው ተለቀቀለትና ወደ ዳር ወጣ፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ ሌላ አልሆነም። ጌታ ይባረክ!

ማታ አንድ አይሱዙ ከነሞተሯ በር ላይ አወረደው። ቁስሉን እያጠብኩለት ሳለ ስለ 7000 ብሩ ነገረኝ። የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ አፍራለሁ። «ከልጅህ ብርድ ልብስ ሰርቀህ ለብረት!» ማለቴ ግን ትዝ ይለኛል። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። እሑድ እርሱ ቆሞ ሰበከ፣ እኔ ከመዘምራን ጋር ቆሜ ዘመርኩ፣ ከጉባኤው ማንም አላወቀም። እቤት ስንገባ ትልቋ ልጄ ብቻ «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትሥቂለት አየሁሽ፤ እዚህስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋራዡ ውስጥ

በማግስቱ መካኒኩ ሞተሯን ሲፈታ እኔም ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠፋ ለመቆጣጠር ነው። ልጁ ሲሊንደሩን አወጣና «እትዬ፣ ጣትዎን ያስገቡና ይንኩት» አለኝ። ውስጡ በምስማር የተቧጠጠ ይመስላል። አንዳንዱ ጭረት አዲስ ነው፣ የሚያበራ። ሌላው ግን ጠቁሯል። «ይሄ የቆየ ነው» አለኝ። «ዘይት ሲያንሳት ቆይታለች። ሞተር በአንድ ቀን አይነክስም፤ በአንድ ቀን የሚታየው ነው እንጂ።»

ቤቴ እስክደርስ ያች ቃል ተከተለችኝ። ምክንያቱም፣ ውድ አንባቢያን፣ እኔም የጠቆረ ጭረት ነበረኝ። ከወተት ሽያጭ እያስተረፍኩ ባለቤቴ የማያውቀው ዕቁብ እጥል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። «ለክፉ ቀን» እለው ነበር። ሌባ ብዬ የጮኽኩበት ሰው ከእኔ የሚለየው፣ የእርሱ ነገር ቁልቁለት ላይ ስለተያዘ ብቻ ነው። ያን ማታ ቡና አፈላሁና ነገርኩት። ቆጣ ብሎ «ስንት ነው?» አለኝ። ስነግረው ዝም አለ፤ ቀጥሎ «እኔ ዘይት አጥቼ?» ብሎ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ይቅር ለመባባል እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፈጀብን። በአንድ ጸሎት አላለቀም፤ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

ሲሊንደር በዘንቢል

ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ለማስቆፈር አዲስ አበባ መውረድ ነበረብን። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከልክሎ ነበር፤ በኋላም የተፈቀደው ልዩ ፈቃድ ላላቸው ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን በዘንቢል አድርገን በሚኒባስ ሄድን። ለሁለት ብቻችን ከተማ ስንወርድ በስንት ዓመታችን መሰላችሁ?

ሶማሌ ተራ ዞረን መጀመሪያ ፒስተኑን ከነፋሻው ገዛን፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ ነው። ቶርኖ ቤት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚቆፈረው በተገዛው ፒስተን ልክ ነውና። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው። ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከሰፋ ይንኳኳል፣ ጉልበትም ያጣል።

ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ «ለመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ሱታ፣ ሱታ! ሙሉ ጋዝ አይስጡ፤ ከባድ ጭነት አይጫኑ» አለ። አዲስ ፒስተንና የተቆፈረ ሲሊንደር እስኪለማመዱ ድረስ በዝግታ መሄድ አለባቸው። እኛም እንደዚያው አደረግን። ከዕርቁ ማግስት ጀምሬ «የወሩን ሂሳብ አሳየኝ» እያልኩ አላስጨነቅሁትም፤ እርሱም የዕቁቡን ነገር መልሶ መላልሶ አላነሣብኝም። ከዕቁቡ ላይ የልጃችንን ገንዘብ ተካን። ልጃችንም በጊዜዋ ብርድ ልብሷን ይዛ ሄደች።

ለአሮጌ ሞተር ባለቤቶች

ከጋራዡ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፦

አንደኛ፣ ቱ ስትሮክ ከሆነች ዘይቱን በዓይን ግምት አትጨምሩ፤ መለኪያ ይኑራችሁ። የተቀላቀለውንና ያልተቀላቀለውን ጀሪካን ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግታችሁ አትቆዩ። አልፎ አልፎ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጋዝ ስጧት፤ ዘይት ታገኛለች።

ሦስተኛ፣ ካንዴላዋን እያወጣችሁ ተመልከቱ። ጥቀርሻ ከለበሰች ቤንዚን በዝቶባት ይሆናል፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ነውና። ከነጣች ግን እየጋለች ነው። ለደጋ የተስተካከለ ካርቡራተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን እንደሚያንሰው አትርሱ።

አራተኛ፣ መሪ ከለወጣችሁ ከመንዳታችሁ በፊት ሞተሯን አስነሥታችሁ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙሩት። ድምፅዋ ከተለወጠ ሽቦው አጥሯል።

ለባለ ትዳሮችስ?

እኛ የተስማማነው ሁለት ነገር ነው። ከ500 ብር በላይ ለሆነ ወጪ፣ ለሞተርም ይሁን ለቀሚስ፣ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሣጥኑ ውስጥ ደብተር አለ። የቅዳሜው ቡና ደግሞ ወደ ጋራዡ ሄደ። እርሱ ሲፈታ እኔ አፈላለሁ፣ መካኒኩም አብሮን ይጠጣል።

መቀመጫዋ ለሁለት እንዲሆን የረዘመው ለማን እንደሆነ የጠየቅሁት ከዕርቁ በኋላ ነው። «ለማን ይመስልሻል? የገጠር እህቶች ሁልጊዜ ስለ አንቺ ይጠይቁኛል፤ በዚያች በዕቃ መጫኛ ላይ እንዴት ላስቀምጥሽ?» አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ያኮረፍኩት ለእኔ በሚሠራ መቀመጫ ነበር! አንድ ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ! እርሱስ አንድ ጊዜ ቢነግረኝ ኖሮ!

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሄልሜቴን አድርጌ ከኋላው እቀመጣለሁ። በጎን መቀመጥ ሚዛን ያሳጣል ስለተባልኩ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ነው። አንዲት እናት «የመጋቢ ሚስት እንዲህ ትቀመጣለች?» ብለው ነበር። ባለፈው ክረምት ታመው ሳለ በዚያ ዋልካ ደርሰን ስንጠይቃቸው ግን «ያችን ሞተር ጌታ ይባርካት» አሉን።

አንድ ቀን መለዋወጫዋ ጠፍቶ መቆሟ አይቀርም። ያን ጊዜ እንሸጣታለን ወይስ በረንዳ ላይ እናስቀራታለን? እስካሁን አልተስማማንም፤ ግን እየተነጋገርን ነው። እናንተስ? በቤታችሁ ዘይት ያነሰው ምን ይሆን? ዛሬ ማታ ተጠያየቁ።

እስከሚቀጥለው ዕትም ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!