ሕዝብን ከኮምፒውተር ቫይረስ መጠበቅ የማን ግዴታ ነው

መንግሥት ለሕዝቡ ከሚያደርጋቸው ጥበቃዎች አንዱ ዐይን የማያየውን ጠላት መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ በቆላ ድባና በአካባቢዋ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው በፈጀ ጊዜ፤ ገበሬው ቢንቢውን ራሱ ያባርር ተብሎ አልተተወም፤ በተከታዩ ዓመት በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ እንጂ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት መነሻው ይኸው ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሌላ ዐይነት ወረርሽኝ አለ። ይኸውም ማልዌር፤ በሕዝቡ አነጋገር ቫይረስ የሚባለው፤ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ገብቶ ጽሑፍን የሚያጠፋ፤ ምስጢርን የሚሰርቅ፤ መዝገብን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት በፍላሽ የመጣ ደብዳቤ ጎንደር ፎቶ ኮፒ ቤት ሲታተም፤ ቫይረሱ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ተሸጋግሮ እስከ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ሊደርስ ይችላል። ፍላሹን የያዘው ጸሐፊ ግን አንዳች አያውቅም፤ እርሱንም ለምን አልተጠነቀቅህም ብሎ መውቀስ መዝገቡን አይመልሰውም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፤ ለጉዳት የተሠራን ፕሮግራም እያወቀ የሚያሰራጨውን ሰው ይቀጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አጥፊው ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የተቀመጠ ስለ ሆነ፤ የጎንደር ዳኛ መጥሪያ አይደርሰውም። ስለዚህ ይልቁን የሚጠቅመው በዚያው አዋጅ ያለው ሌላው ትእዛዝ ነው፤ አገልግሎት ሰጪ ድርጅትም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው የኮምፒውተር ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ባወቀ ጊዜ፤ ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ለሚባለው መሥሪያ ቤት ወዲያው እንዲያስታውቅ፤ ለፖሊስም እንዲያመለክት ያዝዛል። ሹሙ እፍረት ይዞት ዝም ያለ እንደ ሆነ፤ ጎረቤቱ ወረዳ ሳይጠነቀቅ ይያዛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ተሠራጭቶ፤ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ሆስፒታሎችን አውኮ በሽተኞችን ከቀጠሯቸው መልሷል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ መድኃኒቱን ከሁለት ወር አስቀድሞ አውጥቶት ነበር፤ የጎደለው በየኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ሰው ነው። በኛም አገር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ኮምፒውተር ገዝቶ፤ ፕሮግራሙን ግን ከተሰረቀ ቅጂ የሚያስጭን መሥሪያ ቤት፤ መዝጊያ የሌለው ጎተራ እንደ ሠራ ይቆጠራል።

የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ ንዋየ ቅድሳት የጠፋበት እንደ ሆነ፤ ሌባው እስኪያዝ ድረስ ቁልፉ በእጁ ነበርና መጠየቁ አይቀርም። የሕዝቡን የልደት መዝገብና የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር ያስቀመጠ ሹምም እንዲሁ ባለ አደራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፤ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጠባቂውም ራሱ ከሕግ በታች መሆኑ አይዘነጋም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓልና፤ ቫይረስን መፈለግ የሰውን ምስጢር ለመክፈት ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

የወረዳዎች በጀት ሥራ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ስለ ሆነ፤ ፈቃድ ላለው ፕሮግራም መግዣና ለአንድ ባለሙያ ደመወዝ የሚሆነው ገንዘብ ከዚያ በፊት በየወረዳው ዕቅድ ሊገባ ይገባዋል።