የወታደሩን ዕድሜ ማን ይቈጥረዋል?

አንድ ልጅ በስንት ዓመቱ ጠመንጃ ይያዝ የሚለው ክርክር በሱዳን በሕግ ረገድ ካለቀ ቈይቷል። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የታወጀው የብሔራዊ አገልግሎት ሕግ ግዴታውን 18 ዓመት ከሞላው ሰው አንሥቶ እስከ 33 ዓመት ድረስ አደረገው፤ የተባበሩት መንግሥታት ሕፃናትን ከጦርነት ለማራቅ በ2000 ያወጡትን ፕሮቶኮል ሱዳን በ2005 አጸደቀች፤ በ2010 የወጣውም የሕፃናት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለውትድርና መመልመልን ከለከለ። እንግዲህ በቍጥሩ ላይ የሚከራከር ሹም የለም ማለት ይቻላል። ጕድለቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም ቍጥሩን የሚያስረዳ መዝገብ አለመኖሩ ነው።

ይህን ለመረዳት በካርቱም ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ የሚገኘውን የአርካዊትን ሰፈር ማሰብ ይበቃል። እንዲህ ባለው ሰፈር ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣ ቤተሰብ ጐን ለጐን ይኖራል፤ ከብዙዎቹም ወላጆች የልጃቸውን ልደት በቀን ሳይሆን በነገር የሚያስታውሱ አሉ። በ1988 በካርቱም ላይ የደረሰው ታላቅ ጎርፍ እንዲህ ያለ ምልክት ሆኗል፤ በአበሻም አገር ሽማግሌዎች «በኅዳር በሽታ ዓመት» እያሉ ዕድሜ ሲቈጥሩ ኖረዋል። በሱዳን የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ሐኪሞች ዘንድ ይቀርብና ዕድሜው ይገመትለታል፤ ወሩና ቀኑ ስለማይታወቅም ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል። ከዚህም የተነሣ በዚያ አገር በጃንዋሪ 1 ቀን የተወለደው ሰው ብዛት እንግዳን ያስገርማል። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም አያስቅም፤ በኦክቶበር የተወለደው ልጅ በወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ስለሚወለድ፥ ለምልመላም ዘጠኝ ወር ቀድሞ ይደርሳል።

ወረቀቱም ከሌለ ፈራጁ የመልማዩ ዐይን ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓመታት ወታደሮች በካርቱም መንገዶች አውቶቡስ እያስቆሙ፥ ገበያም እየከበቡ ወጣቶችን ወደ ማሠልጠኛ ይወስዱ ነበር። ሱዳኖች ይህን «ከሻ» ይሉታል፤ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ «አፈሳ»፥ ኋላም በኤርትራ «ግፋ» የተባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በመንገድ ላይ የተያዘ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ የሚያስረዳበት ምን አለው? ቁመቱና ጢሙ ይፈርዱበታል። በዚያ ላይ የ1992ቱ ሕግ ከመውጣቱ አስቀድሞ፥ በ1989፥ የታወጀው የሕዝብ መከላከያ ሠራዊት ሕግ 16 ዓመት የሞላውን ሰው ይቀበል ስለ ነበር፥ በ18 ዓመት የሚከፈት አንድ በርና በ16 ዓመት የሚከፈት ሌላ በር በአንድ አጥር ላይ ነበሩ። በኤፕሪል 1998 ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር ከነበረው የኤይላፉን ማሠልጠኛ ብዙ ምልምሎች ለዒድ በዓል ወደየቤታቸው ለመድረስ ሲያመልጡ ጀልባቸው ተገልብጦ በአሥር በአሥር የሚቈጠሩ ወጣቶች ሰጥመው ሞቱ፤ ጠባቂዎቹም እንደ ተኰሱባቸው የተረፉት ተናግረዋል።

ከዐይን የባሰ መስፈሪያ ደግሞ አለ፤ እርሱም የትምህርት ክፍል ነው። በ1997 የሱዳን መንግሥት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወንድ ልጅ ሁሉ ወታደራዊ አገልግሎቱን ሳይፈጽም የምስክር ወረቀቱን እንዳይቀበልና ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ወሰነ። በኤርትራም በ1995 የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 82 ገቢር አገልግሎቱን ከ18 ዓመት ቢጀምረውም፥ ከ2003 ወዲህ ዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ሳዋ ላይ እንዲሆን ስለ ተደረገ ዕድሜው ያልሞላ ተማሪም ከክፍል ጓደኞቹ ጋራ ይሄዳል። በንባብ ብልህ የሆነ ልጅ ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት ቢያልፍ፥ ለብልህነቱ የሚሰጠው ሽልማት ቀድሞ መሰለፍ ሆነ ማለት ነው!

የዕድሜ ማስረጃ ችግር በታላቁ ፍርድ ቤት ሳይቀር ታይቷል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሄግ ከተማ በ2012 የኮንጎውን ቶማስ ሉባንጋን ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በማሰለፍ ጥፋተኛ ብሎ በ14 ዓመት እስራት ሲቀጣ፥ የልጆቹን ዕድሜ ለማረጋገጥ ብዙ ደክሟል። የጥርስና የእጅ አጥንት ራጅ ቀረበ፤ ዳኞቹ ግን ራጁ ዓመቱን ለይቶ እንደማያሳይ ስለ ተረዱ፥ ማንም ሰው አይቶ ሕፃናት መሆናቸውን ሊክድ በማይችላቸው የፊልም ሥዕሎች ላይ አተኰሩ። በሁሉ ነገር የተሟላ ችሎት እንዲህ ከተቸገረ፥ በጦር ሜዳ ዳር የተቀመጠ የመቶ አለቃ ምን ያህል ይለይ ይሆን?

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከአርካዊት በማይርቀው በስፖርት ከተማው አጠገብ ተኵስ ሲጀመር ይህ ሁሉ ቸልታ ዋጋውን ጠየቀ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል በተነሣው ጦርነት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከሸሸውም ሕዝብ ብዙው ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ ትቶ ወጣ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ጄኔራል አልቡርሃን ወጣቶች ሁሉ ለመከላከል እንዲነሡ ጥሪ አደረጉ። ጥሪው ለወጣት ነው፤ ወጣት ማለት ግን ከየት ይጀምራል? በጦርነቱ ውስጥ ሕፃናት መመልመላቸውን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች መዝግበዋል።

«ልጁ ራሱ ፈቅዶ፥ ዕድሜውንም ጨምሮ ተናግሮ መጣ» የሚል ምክንያት ዘወትር ይሰማል። ደመወዝና እንጀራ የሚፈልግ ድኻ ልጅ ይህን ማለቱ እርግጥ ነው። የሮማው ስምምነት ግን ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ በግድ መውሰድንም በፈቃዱ መቀበልንም በአንድነት ወንጀል ብሏቸዋል። የእንግሊዝ አገር 16 ዓመት የሞላውን ልጅ በወላጁ ፈቃድ ይቀበላል፤ ይህም ብዙ ይነቀፋል፤ ይሁን እንጂ በዚያ አገር የልጁ ልደት ተመዝግቧልና 15 ዓመቱ ነው ወይስ 16 የሚል ጥርጥር አይነሣም።

ስለዚህ ማስረዳት የሚገባው ልጁ ሳይሆን መልማዩ ነው፤ ዕድሜው ያልታወቀውን መልሶ መስደድ አለበት። ነጋዴ እንኳ ቡናውን ሳይመዝን አይረከብም። የቀረው ሥራ የመዝገብ ቤት ሹማምንት ነው። ኢትዮጵያ የወሳኝ ኵነት ምዝገባን በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2016 ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ሁሉ ገና ለአካለ መጠን በመድረስ ላይ ነው። በማርች 2025 ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ሰፈራቸው የተመለሱ ቤተሰቦች አዲስ ወረቀት ማውጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ጸሓፊው እናቲቱን ልጁ በክረምት ተወለደ ወይስ በበጋ፥ ከረመዳን በፊት ወይስ በኋላ፥ ከጐረቤት ልጅ ማን ቀደመ ብሎ ይጠይቃት፤ የነገረችውንም ወር ይጻፍ፤ ጃንዋሪ 1 ብሎ አይለፈው።