የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ልጁን ማን ጠየቀው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲጓዙ ማንኩሳን ያገኛሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ የዕድሜ ልክ ውሳኔው ግን ልጁ አፉን ሳይፈታ አለቀ።

ዛሬም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲወስን ይውላል፦ ወንዙ ሞልቷልና ልሻገር ወይስ ልጠብቅ? ከብቶቹን በየትኛው መስክ ላሰማራ? ሰብል የገባችውን ላም በየት በኩል ልመልስ? ማታ ስለ ትምህርቱ ወይም ስለ እኅቱ ትዳር ሲነሳ ግን «ዝም በል፣ ልጅ ነህ!» ይባላል። ይህ ያንገበግበኛል። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ ሳትጠየቅ ያደገች ልጅ ግን 18 ስለሞላት ብቻ መምረጥ አትችልም።

ስለዚህ ይህ እትም ከትንሹ ውሳኔ ይጀምራል። ለልጅቱ አንዲት ዶሮ ስጧት፤ እንቁላሉን ትሽጥ ወይስ ታስታቅፍ፣ በገንዘቡ ደብተር ትግዛ ወይስ ታጠራቅም፣ እሷው ትወስን። ዶሮዋን ጭልፊት ቢወስድባት እንኳ ሌላ ገዝተን ከመስጠታችን በፊት ምን እንዳሰበች እንጠይቃት።