በሽታውን የደበቀ ኮምፒዩተር

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን ስለ ኮምፒዩተር ከርነል ምን አገባቸው የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ድካማችን የሚቀመጠው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነውና ያገባናል።

ባለፈው ዕረፍት ዳንግላ ቤተ ሰቦቻችን ዘንድ ሳለን፣ በሊኑክስ በሚሠራ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሦስት ሆነን እየተፈራረቅን እንጽፍ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው እንዳያልቅ ክዳኑን ዘግተን አስተኛነው። ጧት ስንከፍተው ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጠጋኙ ‹‹ሲስተሙ ሞቷል፤ ፎርማት ይደረግ›› አለን፤ እሺ አልን። የአንዳችን የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ጠፋ። ከፎርማቱ በኋላ ክዳኑን ዘግተን ብንከፍት ያው ጥቁረት ተመለሰ! በዚህ ጊዜ በኬብል ከሌላ ኮምፒዩተር ጋራ ብናገናኘው ፋይሎቹን አንድ በአንድ አሳየን። ለካስ በቁሙ ቀብረነው ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራፊክስ ካርድ ሥዕል የሚያወጣው በአግድም ስንት ነጥብ፣ በቁመት ስንት ነጥብ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ተብሎ ሲታዘዝ ነው፤ ለምሳሌ 1024 በ768፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። ይህ ቪዲዮ ሞድ ይባላል። ካርዱ ሲተኛ ትእዛዙን ይረሳል፤ ሲነቃ የሚያስታውሰው ይሻል። ቀድሞ በሊኑክስ ሞዱን የሚያዝዘው ኤክስ የተባለው ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ከርነሉ የሚመልሰውን አያውቅም። የካርዱን ባዮስ እንዳይጠራ ደግሞ፣ ባዮሱ ለ16 ቢት የተጻፈ ስለሆነ ባለ 64 ቢት ከርነል በቀጥታ ሊያስኬደው አይችልም። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 2.6.29 የኢንቴልን ካርዶች ሞድ ለከርነሉ አስረከበ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የእኛው ካርድ ግን ይህን የሚችል ድራይቨር ከጎደላቸው አንዱ ነበር።

‹‹ከርነሉ ሸክም ሲበዛበት ስሕተቱም ይበዛል›› የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ከርነል ሲሳሳት ግን ሁሉን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ የምንለው፣ ሥዕል የመሣሉ ሥራ በውጭ ይቅር፤ ሞዱን መያዝና መመለስ ብቻ የከርነሉ ይሁን ነው። ከርነሉ ራሱ በሚወድቅበት ሰዓትም አዲስ ሞድ ለማዘዝ አይታገል፤ በዚያን ጊዜ የሚታመን ነገር ጥቂት ነውና። በስክሪኑ ላይ ባለው ገጽ ላይ ምክንያቱን ጽፎ ይውደቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሊኑክስ 6.10 የጀመረው ይህንኑ ነው።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ኮምፒዩተር ሳይንስ የምትማሩ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ድራይቨር ስትጽፉ ማሽኑ ሲሠራ የሚያሳየውን ብቻ ሳይሆን ሲወድቅ የሚናገረውንም አስቡ። እኛም ስክሪን ስለ ጠቆረ ብቻ ሞቷል ብለን አንፍረድ። መጀመሪያ እንጠይቀው፤ ፎርማቱ ይደርሳል።