መኪና የሚነዳው ውኃ

ቤንዚን በጠፋ ቁጥር አንድ ወሬ ያንሰራራል፦ እገሌ በውኃ የሚሄድ መኪና ሠርቶ ነበር፤ የነዳጅ ከበርቴዎች አፈኑት። በወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ በሆነችው ደጎሎ ይህን የሚያወራውን ሰው ሞኝ አልለውም። ቤንዚን ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦና የወሎን ዳገት ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ የባጃጅ ሹፌሩ ከጀሪካን በውድ ገዝቶ ነው ልጆቹን የሚያበላው። ክረምቱን ሙሉ የጃማ ሜዳ በውኃ ተጥለቅልቆ እያየ «ይኼስ ቢነድ?» ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ምኞቱን ግን አጭበርባሪዎች ሲነግዱበት ኖረዋል። አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር በውኃ የሚሄድ መኪና አለኝ ብሎ ከሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ፤ የኦሃዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ድርጊቱን ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ብሎ ገንዘቡን እንዲመልስ ፈረደበት። ይህንኑ ይል የነበረው ፊሊፒናዊ ዳንኤል ዲንገልም እ.ኤ.አ. በ2008 በእርጅናው ዘመን በማታለል ወንጀል ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አጋ ዋቃር የተባለ ፓኪስታናዊ በዚሁ ወሬ ሚኒስትሮችን ሳይቀር አሳምኖ ነበር፤ ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም።

የማይቻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚተርፈው ውኃ ነው። ስለዚህ ውኃ ቀድሞ የነደደ ነገር አመድ ማለት ነው፤ አመድን መልሶ ለማንደድ የሚሞክር የለም። ሃይድሮጅኑን ከውኃ መለየት ይቻላል፤ ግን ለአንድ ኪሎ ግራም 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል። በሃይድሮጅን የሚሄደው የቶዮታ መኪና ሚራይ በዚያ አንድ ኪሎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ቢሞላበት ግን አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ድሀ አገር የያዘውን ጉልበት ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ የሚጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ እኮ ውኃ ዛሬም መኪና እየነዳ ነው! ደጎሎ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በወንጭትና በጀማ ወንዞች አድርጎ ዓባይ ይገባል። በዚሁ በዓባይ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ የሚመጣ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ የምትሽከረከር የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በውኃ ትሄዳለች ቢባል ስሕተት የለውም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለእነዚህ መኪኖች የተጨማሪ እሴት ታክስንና ኤክሳይስን አነሣ፤ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜም በጥር 2016 የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። ውሳኔውን ከልቤ እደግፋለሁ።

ቅሬታዬ ማንን አስቦ እንደተወሰነ ነው። የቤት መኪና ያለው ሰው በብዛት አዲስ አበባ ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያውም እዚያው ተከማችቷል። የጃማ ገበሬ ስንዴውንና ጤፉን ለገበያ የሚያደርሰው በአይሱዙ ነው፤ ሕመምተኛውም ደሴ የሚደርሰው በሚኒባስ ነው። በኛ በኩል ያለው የመብራት መስመር ደግሞ ወፍጮ ሲነሣ አምፖሉን የሚያፈዝ ነው። ለእንዲህ ያለ መስመር ትራንስፎርመር ሳይጨመር «ቤንዚን ተዉ» ማለት ደጋውን ለጀሪካን ነጋዴ አሳልፎ መስጠት ነው።

እስከዚያውስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ አሳድጋው ነበር። ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ይወጣል። ጉልበቱ ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆንም በዶላር አይገዛም። ለናፍጣ ሞተር ባይጠቅምም ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ይበጃል። ሳይዘልቅ መቅረቱ ያስቆጫል፤ ስኳር ፋብሪካዎቹ በቅጡ ካመረቱ እንደገና መጀመር አለበት።

ለደጎሎ ግን የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ሚኒባስና ባጃጅ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ፤ ቻርጅ ማድረጊያውም መናኸሪያው ውስጥ፣ የራሱ ትራንስፎርመር ተተክሎለት። ወደ ወንጭት የሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን የሚያቃጥል ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እያመነጨ ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል። አገራችን ለዚህ ቴክኖሎጂ አትከፋም።

በውኃ የሚሄድ ሞተር ሠርቻለሁ የሚል ወጣት ሲመጣም አይሳቅበት፤ ካሜራና ባለሥልጣንም አይክበበው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። መምህራኑ ሞተሩን ተረክበው፣ የባትሪውን ገመድ ነቅለው፣ የገባውን ውኃና የወጣውን ጉልበት በአደባባይ ይለኩለት። እጁ የሠለጠነ ከሆነም የባጃጅ ባትሪ ጥገና አስተምረው ሥራ ያስይዙት።