ብሬከሩን ማን መለሰው?

ሳሎናችን ውስጥ ሲያዞሩት የሚያደበዝዝና የሚያደምቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ዲመር የሚባለው። ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣ ነው። ለዓመታት ማንም ከቁብ ሳይቆጥረው ግድግዳው ላይ ኖረ። ጥቅሙ የታወቀን እናቴ እኛ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ነው። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። ጭል ጭል የሚል ብርሃን ካለ ማንንም ሳትቀሰቅስ መታጠቢያ ቤት ደርሳ ትመለሳለች። መብራቱ ቦግ ካለባት ግን ዓይኗ ይጭበረበርና ባለችበት ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ማታ ማታ ዝቅ አድርገን እንተወዋለን።

ሰሞኑን ታዲያ አምፖሎቹን በኤል ኢ ዲ ከቀየርን ወዲህ ዲመሩ አስቸገረ። ዝቅ ሲያደርጉት መብራቱ ይርገበገባል፤ ከግድግዳው ውስጥም እዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። እናቴ "ግድግዳው ውስጥ ንብ ገብቷል" ብላ አሳቀችን።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ግን አልገረመውም። የድሮ ዲመር ለድሮ አምፖል የተሠራ ነው። ሥራው የኤሌክትሪኩን ሞገድ በሰከንድ 100 ጊዜ እየቆረጠ ከፊሉን ብቻ ማሳለፍ ነው፤ ይህን በደንብ ለመሥራት ደግሞ የተወሰነ ጭነት ይፈልጋል። የእኛው ላይ ከ60 እስከ 300 ዋት የሚል ተጽፎበታል። ድሮ ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ነበሩበት፤ 180 ዋት ማለት ነው። አዲሶቹ ሦስቱም ተደምረው 27 ዋት ናቸው። በዚያ ላይ ሁሉም ኤል ኢ ዲ አይደበዝዝም፤ በዲመር እንደሚሠራ ካርቶኑ ላይ መጻፍ አለበት። የእኔዎቹ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ዲመሩንም አምፖሎቹንም እንደገና ገዛሁ። መጀመሪያ ካርቶኑን ባነብ ኖሮ አንዱን ወጪ እተርፍ ነበር።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ግን ከአባቴ ተምሬያለሁ። (እሱ መብራቱን ሳያጠፋ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በሌላኛው ይሠራ ነበር። ዕድሜ የጠገበው በችሎታው ይሁን በዕድሉ እስካሁን አላወቅኩም።)

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ቴስተሬን ሶኬት ውስጥ ከትቼ መብራቱን አረጋገጥኩ፤ የሞተ ቴስተር "ኤሌክትሪክ የለም" እያለ ያታልላልና። ቀጥዬ የብሬከር ሳጥኑን ከፈትኩ። የትኛው የሳሎን፣ የትኛው የወጥ ቤት እንደሆነ የጻፈበት ሰው የለም። ዋናውን አወረድኩት። የዲመሩን ክዳን በካቻቢቴ ስፈታ ሁለት ገመዶች አገኘሁ፤ ሁለቱም ቀይ። አንዱ ፌዝ ይዞ የሚመጣ፣ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄድ ነው። ቀለም አይቶ መፍረድ አይቻልም። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ አሮጌው ዲመር ላይ ኤል የሚለው ፊደል ጋ የታሰረውን ገመድም በናስትሮ ምልክት አደረግኩበት። ሁለቱንም በቴስተር ነካሁ፤ አልበራም። ፒንሳዬን ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስመለስ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ባትሪ ታበራልኛለች።

"ልጄ፣ ሄዷል ግን?"

"ሄዷል እማዬ፣ አሁን እኮ አየሁት።"

"እስቲ ድገመው። ለእኔ ስትል።"

እሷን ደስ ይበላት ብዬ ቴስተሩን አስጠጋሁ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ እንደነበር ጆሮዬ የሰማው ያኔ ነው። ፒንሳው በቀኝ እጄ ነበር፤ በግራዬ ገመዱን ልይዝ ነበር። 220 ቮልት። እጄን ሰብስቤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ከክፍሉ ብቅ አለ። "አባዬ፣ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። የጎረቤት ግን አለ። ሳጥኑን ሳየው ብሬከሩ ወርዷል፤ መለስኩት" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ኩራት ይነበባል። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ጎረቤት እይ፣ ቀጥሎ ብሬከር እይ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ያውም አጨብጭቤለት። ዛሬ ግን ሥራ ልጀምር ነው፣ ማንም እንዳይነካ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ምንም አላለችም። ውሃ ብቻ አምጣልኝ አለችው።

ምን ሊሆን እንደነበር ለልጄ በቀስታ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ብሬከሩን እሱው ራሱ አወረደው፤ "ሰው እየሠራ ነው፣ እንዳይነካ" ብሎ በትልቁ ጽፎ ለጠፈበትና ሳጥኑ ሥር በርጩማ ይዞ ተቀመጠ። እኔም እንደገና ነካክቼ አየሁ፤ አልበራም።

የቀረው ሥራ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ምልክት ያለውን ገመድ አዲሱ ዲመር ላይ ኤል የሚለው ጋ፣ ሌላውን የመውጫው ቀስት ጋ አሰርኩ። መዳቡ ከማሰሪያው ውጭ እንዳይታይ፣ ገመዱም ሳብ ሲያደርጉት እንዳይወጣ ማየት ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ብሎን አለችው፤ ዝቅተኛው ብርሃን የት ላይ እንዲቆም የምትወስነው እሷ ናት። እናቴ "እዚህ ጋ" እስክትል አስተካከልኳት። የገመዱ ልባስ የሚፈረፈር ወይም የጠቆረ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ክዳኑን መልሳችሁ ባለሙያ ጥሩ። እኔም እዚያ ላይ አልደፍርም።

እሑድ ከልጄ ጋር ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረድን ስም ሰጠናቸው። እሱ ሳጥኑ ጋ ሆኖ ይጮኻል፣ ባለቤቴ ከወጥ ቤት፣ እኔ ከሳሎን እንመልሳለን። የአንዱ ብሬከር ምንነት እስካሁን አልታወቀም፤ ስናወርደው ምንም አይጠፋም።

ያን ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእናቴን ነጠላ ጫማ ሰማሁ። ሳሎኑ መሃል ቆም አለች።

"ንቧ ሄደች" አለች ለራሷ፤ መንገዷንም ቀጠለች።